ሕዝቡ የማያምናቸው ጀግኖች፦ ለጣና ኮሚክ ምክር ፈልጌ ነበር

የሽምብጥ ሰዓሊ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ።

የምኖረው ባህር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ቀን ልጆች ስዕል አስተምራለሁ፣ ማታ የራሴን ኮሚክ እሠራለሁ። ታሪኩ ስለ አራት ልዕለ ጀግኖች ነው። ጣና ላይ አንድ ከባድ ጠላት ይነሳል፣ እነሱም ቡድን ሆነው ይገጥሙታል። ጠላቱን መሳል ብዙም አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ሕዝቡ ነው። በታሪኬ ውስጥ የባህር ዳር ሰው ጀግኖቹን አያምናቸውም። ለምን እንደማያምናቸው ግን ልብ የሚያደርስ ምክንያት አጣሁ።

መጀመሪያ ላስተዋውቃችሁ። ደንገል የታንኳ ሠሪ ልጅ ናት። እጇ የነካው ደንገል ሁሉ ይታዘዛታል። ያድጋል፣ ይጠላለፋል፣ ካስፈለገም አጥር ይሆናል። ቀረሶ ውሃ ውስጥ ይተነፍሳል። ጣና በጣም ጥልቅ በሚባለው ቦታው እንኳ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የሱን ትዕይንቶች የምሠራው በጨለማ ሳይሆን በደፈረሰ ቡናማ ብርሃን ነው። ጢስ ከጢስ ዓባይ የመጣ ልጅ ነው፤ ጉም ሆኖ ይበተንና ሌላ ቦታ ይሰበሰባል። አራተኛው ነጎድጓድ ነው። ጉልበቱ ለጉድ ነው፤ ዋርካ ከነሥሩ ይነቅላል። ተማሪዎቼ የሚሞቱለት እሱን ነው።

ጠላቱ እምቦጭ ነው፤ ያ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው አረም። ነፍስ የዘራ እምቦጭ። በሰሜን በኩል፣ ከደምቢያ ዳርቻ ተነስቶ፣ ንፋስ እየገፋው እንደ ደሴት ተንሳፎ ይመጣል። ቀን ላይ ዝም ያለ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ሙሉውን ለአንድ አበባ ሰጥቼዋለሁ። ስድስት ሐምራዊ ቅጠሎች አሉት። ላይኛው ቅጠል መሐል ላይ ቢጫ ነጥብ አለ፣ ዙሪያውን ሰማያዊ ይከበዋል። ዓይን ይመስላል። ይሄን እኔ አልፈጠርኩትም፤ ተክሉ ራሱ እንዲህ ነው። ሌሊት ያ ዓይን ይከፈታል።

እስከዚህ ደስ ብሎኛል። ችግሩ ምዕራፍ ሦስት ላይ ነው። ጀግኖቹ ባህር ዳር ወደብ ላይ ቆመው «ጠላት እየመጣ ነው፣ ውሃ ላይ አትውጡ» ይላሉ። ቦታውን ታውቁታላችሁ፤ ዓሣ የሚራገፍበት፣ ፔሊካኖቹ ተሰልፈው አንጀት የሚጠብቁበት። አንዲት ዓሣ ሻጭ ቢላዋዋን ሳታስቀምጥ፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «እሺ፣ ሰምተናል» ትላቸዋለች። ሌላውም እንደዚያው። ማንም ከሥራው አይነሳም። ያቺን ሴትዮ ደጋግሜ ስያታለሁ፤ ከጀግኖቹ ይልቅ እሷን እወዳታለሁ።

ተማሪዎቼ ግን ጠየቁኝ። «ለምን አላመነቻቸውም? ጉም ሲሆን እኮ በዓይኗ አይታለች!»

ለጊዜው ያስቀመጥኩት ምክንያት አንድ በሬዲዮ የሚናገር ሰው ነው። ከጠላቱ ጋር በምስጢር ያብራል፣ ስለ ጀግኖቹ ወሬ ይነዛል፣ ሕዝቡም ይቀበለዋል። ይሄ ነገር አልጥም ብሎኛል። የአንድ ሰው ወሬ ሰምቶ ፊቱን የሚያዞር ሕዝብ ስስል ጎረቤቶቼን ሞኝ ያደረግኳቸው ይመስለኛል። ሞኞች አይደሉም።

ሌላም አለ። እምቦጩ በብዛት የሚታየው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ በኩል ነው። ባህር ዳር ላይ ዳር ተቀምጦ ቡና የሚጠጣ ሰው የሚያየው አረም የሌለበት ውሃ ነው። «የታለ ጠላቱ?» ቢል ይፈረድበታል? ምናልባት ምክንያቱ ይሄ ብቻ ይበቃ ይሆን?

ኮሚክ የምታነቡም፣ ጣናን በቅርብ የምታውቁም ሐሳባችሁን ስጡኝ። ሰው ኃይል ያለውን ሰው፣ ሊረዳው የመጣውን ሰው፣ የማያምነው ምን ሲሆን ነው?

ቀበሌ 14 (መልስ)

በጣም ደስ የሚል ሥራ ነው፣ በርቺ። ኮሚክ ከልጅነቴ ጀምሮ አነባለሁና በዚያ በኩል ልሞክር።

ጥያቄሽ ለዚህ ዘርፍ አዲስ አይደለም። ኤክስ ሜን የተባለው የአሜሪካ ኮሚክ እ.ኤ.አ. በ1963 ሲጀመር የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ጀግኖቹ የሚያድኑት ሕዝብ ይፈራቸዋል፣ ይጠላቸዋል። ምክንያቱ የሠሩት ሥራ አይደለም፤ አፈጣጠራቸው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ እነሱን እያሳደዱ የሚይዙ ሴንቲኔል የተባሉ ግዙፍ ሮቦቶች መጡ። ሮቦቶቹ ወዲያው በሠሪያቸው ላይ ዞሩበት። እዚህ ላይ ልብ በይ፦ ፍርሃቱ ራሱ ሌላ ጠላት ወለደ። የታሪኩ ጉልበት ያለው እዚያ ነው።

በሬዲዮ የሚናገረው ሰውሽም ዘመድ አለው። ዲሲ የተባለው የኮሚክ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው አንድ ታሪክ ዳርክሳይድ የተባለው ክፉ ጠላት አፈ ቅቤ የሆነ ሰው ወደ ምድር ይልክና ሕዝቡን በጀግኖቹ ላይ ያስነሳል። ነገሩ እስከ ፕሬዚዳንቱ ደርሶ ጀግኖቹ ከሥራ ይታገዳሉ። ሳነበው ወድጄዋለሁ። ግን አንቺ እንዳልሽው ነው፤ ሕዝቡ በነገሩት የሚነዳ ብቻ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ሲታረቁም አይሞቅም፤ ከመጀመሪያውም የራሱ ምክንያት አልነበረውማ።

ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ማርቭል የተባለው ሌላው አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ሲቪል ዎር ነው። ወጣት ጀግኖች ለቴሌቪዥን ፕሮግራማቸው ብለው ከአቅማቸው በላይ የሆኑ ወንጀለኞችን ይገጥማሉ። አንደኛው ወንጀለኛ ትምህርት ቤት አጠገብ ይፈነዳል። ከ600 በላይ ሰው ያልቃል፣ ልጆችም አሉበት። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ «ማን ፈቀደላችሁ? ማንስ ይጠይቃችኋል?» ሲል ትክክል ነው። መንግሥት ተመዝገቡ ይላል፣ ጀግኖቹ ራሳቸው ለሁለት ይከፈላሉ። አንባቢው የቱ ጋ እንደሚቆም ይጨንቀዋል።

ስለዚህ በኔ በኩል የሬዲዮውን ሰው አውጪው። ጀግኖችሽ ከዚህ በፊት አንድ ነገር አበላሽተው ይሁን። ምናልባት ነጎድጓድ፤ ጉልበት ያለው ሰው ነው ብዙ ጊዜ የሚሰብረው። ዓሣ ሻጯ ያን ቀን ምን እንዳጣች አንቺ እወቂው፣ ለአንባቢው ግን ቶሎ አትንገሪው።

የደምቢያ ልጅ (መልስ)

እህቴ፣ እኔ ኮሚክ ብዙ አላውቅም። አሁን ባህር ዳር ጀልባ ነው የምነዳው። ያደግኩት ግን ደምቢያ፣ ውሃው ዳር ነው። ጠላትሽን በእጄ ነቅዬዋለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ።

እምቦጭ ጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ዘመቻ ወጥተናል። ዘመቻ ማለት ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ጠዋት ትገቢያለሽ፣ ውሃው እስከ ወገብ ነው። እግር ጭቃው ውስጥ ይሰምጣል። አልቅት አለ፣ እባብም አይጠፋም። ተክሉን ስትጎትቺው ቅጠሉ ቀላል ነው፤ አንገቱ ላይ ያለው እብጠት አየር የታመቀበት ነው። ከሥር ያለው ግን ሌላ ነው። ሥሩ ጥቁር፣ ረዥም፣ ጭቃና ውሃ የተሸከመ ነው። አንዱን ስትስቢ ጎረቤቱ አብሮ ይመጣል፣ እሱም ሌላውን ይዞ። በቀጭን ሐረግ ተያይዘዋል። ተሸክመሽ ዳር ታወጪዋለሽ። አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ነው፤ ውሃ ተሸክመሽ ስትመላለሺ ትውያለሽ ማለት ነው።

ከዚያስ? ዳር ላይ ይከመራል። የሚወስደው የለም። ክረምት ሲገባ ጣና ይሞላል፣ ያን ክምር መልሶ ይወስደዋል። ዓመት ጠብቀሽ እዚያው ቦታ እዚያው ተክል ታገኚያለሽ። ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ልጅ ሆነሽ ያፈራው፣ ወልደሽ ስትመጪ ይበቅላል።

ማሽንም መጥቶልን ያውቃል። ካሜራ አብሮ መጣ፣ ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ። ከዚያ ማሽኑ ተበላሽቶ ዳር ቆመ። ልጆች ሲወጡበት ሲወርዱበት አይቻለሁ። እንግዲህ ከዚህ በኋላ አራት ሰዎች መጥተው «ጠላትን ልናጠፋላችሁ ነው» ቢሉኝ፣ ቢበሩም፣ ጉም ቢሆኑም፣ እኔም እንደ ሴትዮሽ «እሺ፣ ሰምተናል» ነው የምላቸው። ማንም ወሬ አልነዛብኝም። ደክሞኝ ነው። የሚመጣ ሰው እንደሚሄድ አውቃለሁ።

አሁን ስለ ነጎድጓድ። ከላይ ያለው ወንድሜ አንድ ነገር አበላሽቶ ይሁን ብሏል። ሩቅ መሄድ አያስፈልግሽም። እምቦጭን ብትበጣጥሺው አይሞትም። ከሐረጉ ቁራጭ አዲስ ተክል ይበቅላል። ሲመቸው በሁለት ሳምንት አካባቢ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ነጎድጓድ ያን ግዙፍ ነገር በሁለት እጁ ይዞ ገነጣጥሎ ወደ ውሃው ሲወረውረው፣ ያ ትልቁ የድል ገጽሽ፣ ጠላቱን ዘራው እንጂ አልገደለውም። ንፋሱ ደግሞ ቁርጥራጩን ወደ ደቡብ ይገፋዋል። እስከ ወደብሽ ድረስ።

ያን ቀን ዳር ላይ የቆመ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ይኑርሽ። «ተው ልጄ፣ አትበጣጥሰው!» ብሎ ይጩህ። ጩኸቱን ማንም አይስማው። ሕዝቡ ከጀግኖቹ በፊት የሚያውቀው ነገር ነበር። አለማመኑ ከዚያ ቢነሳ ማንም አንባቢ «ለምን?» አይልሽም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ይሄኛው ይከብዳል። ጠላትሽ የሚበላው ምን እንደሆነ አስበሻል? መገጭ፣ ርብና ጉማራ በክረምት ደፍርሰው ሲወርዱ ከእርሻችን አፈርና ማዳበሪያ ይዘው ነው የሚገቡት። እምቦጩ የሚወፍረው በሱ ነው። ከከተማም የሚገባ ቆሻሻ አለ። እንግዲህ ጀግኖቹ እውነቱን ከተናገሩ፣ ለገበሬው «ቀለቡ ከአንተ ማሳ ነው የሚሄደው» ሊሉት ነው። ይሄን የሚልሽን ሰው ታምኚዋለሽ? ባለዕዳ ሊያደርገኝ የመጣ ነው ትያለሽ። የሬዲዮው ሰው ይቅር አልልም፣ ግን ከቆየ አዲስ ነገር አይፍጠር፤ ሰው በልቡ የያዘውን ይሄን ፍርሃት ብቻ ጮክ ብሎ ይናገር።

ዓሣ ተራ (መልስ)

እናቴ ዓሣ ሸጣ ነው ያሳደገችን፤ ስለዚህ ስለ ሴትዮዋ እኔ ልናገር።

«ውሃ ላይ አትውጡ» የሚለው ንግግር ነው ያስቀየመኝ። ዓሣ አጥማጅ አንድ ቀን ካልወጣ የዚያን ቀን እራት የለም። ሻጯም እንደዚያው ናት። ጀግኖቹ «አትውጡ» ካሉ በኋላ የምትጠይቃቸው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ «እስከ መቼ?» ነው የምትለው። መልስ ከሌላቸው ቢላዋዋን አታስቀምጥም። ለምን ታስቀምጣለች?

ደግሞ ጠላቱን አላየችውም አትበሉ። ከሰሜን ከሚመጡት ትሰማለች። መረብ ጥለው ሲያነሱ አረም ይዞ ይወጣል፣ መረቡም ይቀደዳል። መረብ ስንት እንደሚገዛ የምታውቀው እሷ ናት፣ ብድሩን የምትቆጥረው እሷ ናት። ቀረሶ የሚባለው ዓሣ እየቀነሰ፣ እያነሰ መምጣቱን በእጇ ታውቀዋለች። ስለዚህ ፊቷ ላይ «የታለ ጠላቱ?» የሚል ነገር አትሳይ። ቀድሜያችሁ ያወቅኩትን ልትነግሩኝ መጣችሁ የሚል ፊት ይሁን።

ጡረተኛ መምህር (መልስ)

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ለልጆቻችን የራሳቸውን ሐይቅ ስለሳልሽላቸው። ባዮሎጂ ነበር የማስተምረው። ደንገል የምትባለውን ልጅ ከሁሉም ወደድኳት፤ ስለሷ አንድ ሁለት ነገር ልበል።

ዳርቻ ላይ ያለ ደንገል ለታንኳ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ከወንዝ የሚመጣውን አፈር ያስቀራል፣ ማዳበሪያውንም ራሱ ይመገበዋል። የጣና ደንገል ግን ለእርሻ እየተባለ ብዙ ተመንጥሯል። የደምቢያው ወንድማችን ቀለቡ ከየት እንደሚመጣ ከነገረሽ፣ ቀለቡን መዝጋት የምትችለው ደንገል ናት። ወንዞቹ አፍ ላይ ደንገል ብታበቅል ጠላቱ ይራባል። በአንድ ሌሊት አይሆንም። ጉልበተኛው ነጎድጓድ ይህን መቀበል ሊከብደው ነው፤ በቡድኑ መካከል ጥሩ ጠብ ይወጣዋል።

አምስተኛ አባል ከፈለግሽ ደግሞ ጥንዚዛ አድርጊው። እየቀለድኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ እምቦጭን ለመቀነስ ከረዱት መካከል ትንንሽ ጥንዚዛዎች ነበሩበት። ትልቋ ቅጠሉን ትበላለች፣ እጩ፣ ገና ትል የሆነው ልጇ፣ ግንዱ ውስጥ ገብቶ ይቦረቡረዋል። ሥራቸው ዓመታት ይፈልጋል። ሕዝቡ ግን «ሌላ ተባይ ልታመጡብን ነው?» ይላል። «ጤፋችንን፣ ሩዛችንን ቢበላስ?» ብሎ ይጠይቃል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እንዲህ ያለ ነፍሳት ከመለቀቁ በፊት ሌላ ሰብል እንደማይነካ መፈተሽ አለበት፤ እንዲሁ አይለቀቅም። ጀግኖችሽም ፈተናውን ተዘግተው አይሥሩት። ከፎገራ የሩዝ ችግኝ፣ ከደምቢያ ጤፍ አምጥተው በሕዝብ ፊት ጥንዚዛዎቹን ይልቀቁበት። ገበሬው ራሱ በየጠዋቱ መጥቶ ቅጠሉን ይይ።

የሽምብጥ ሰዓሊ

ምን ልበላችሁ። ከትናንት ጀምሮ ደጋግሜ እያነበብኳችሁ ነው።

የሬዲዮው ሰው በዋና ጠላትነቱ ወጥቷል። ምናልባት በአንድ ጥግ፣ ሰው በልቡ ያለውን ሲናገር አሳየዋለሁ። ምዕራፍ ሁለት ሙሉ በሙሉ ደምቢያ ላይ ይሆናል። ነጎድጓድ ይገነጣጥላል፣ ሽማግሌው ይጮኻል። የሽማግሌውን ድምፅ በትንንሽ ፊደል ነው የምጽፈው፣ የነጎድጓድን ደግሞ ገጹን በሚሞላ ፊደል። አንባቢው ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲፈልገው እፈልጋለሁ። ምዕራፍ ሦስት ወደብ ላይ ሲደርሱ ቁርጥራጩ ቀድሟቸው ደርሷል። ሻጯ የምታጸዳው ዓሣ ያለበት መረብ ላይ አንድ ትንሽ አረንጓዴ ቅጠል ተሰክቷል። «እስከ መቼ?» ትላቸዋለች። ዓሣ ተራ፣ ያቺ ጥያቄ የአንቺ ናት፤ ኮሚኩ ሲወጣ የምስጋናው ገጽ ላይ አለሽ።

መምህር፣ ተማሪዎቼ ጥንዚዛዋን ሳላሳያቸው ገና በወሬ ወደዷት። አንዱ «ነጎድጓድ መዳፉ ላይ ይያዛት» አለ። ሥሩን የሚነቅለው ያ ትልቅ እጅ ምንም ሳይነካ ዝም ብሎ ሲጠብቅ መሳል እፈልጋለሁ። ለሱ ከባዱ ውጊያ ያ ይመስለኛል። እነሱን ያላመነው ሕዝብም ያኔ ነው ቀስ ብሎ የሚጠጋው፤ አንዱ ችግኝ ሊያይ ይመጣል፣ ሌላው ደንገል ሊተክል። ሻጯን ግን ጨርሶ አላሳምናትም። መጽሐፉ ሲያልቅም ገና እያየቻቸው ነው።

የደምቢያ ልጅ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ ወንድሜ። ምዕራፍ አራት ላይ ጀግኖቹ በሞተር ጀልባ እምቦጩ ውስጥ ይገባሉ። ሥሩ ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም እንዴት ነው የሚሆነው? ጀልባ ነጂው ምን ያደርጋል? እጁ የቱ ጋ ነው የሚሆነው?

የደምቢያ ልጅ

መጀመሪያ ድምፁ ይለወጣል። ሞተሩ ይከብደዋል፣ ያቃስታል፣ ጭስ ይበዛል፣ ጀልባው ግን ወደ ፊት አይሄድም። ያኔ ቶሎ ማጥፋት ነው፤ ካላጠፋሽ ሞተሩ ይግላል። ከዚያ ሞተሩን ከኋላ ወደ ላይ ታጋድሚዋለሽ፣ ፕሮፔለሩ ከውሃ ይወጣል። ሥሩ እንደ ተጠቀለለ ጥቁር ፀጉር ሆኖ ታገኚዋለሽ። በግራ እጅ የሞተሩን አንገት ትይዣለሽ፣ በቀኝ በቢላዋ ከዳር ወደ መሐል ትቆርጫለሽ። አንድ ሰው ደግሞ ቀዘፋ ይዞ ጀልባው እንዳይዞር ይጠብቃል። ጢስን እዚያ ላይ አድርጊው፣ ሥራ ይኑረው።

የተቆረጠውን ጀልባው ወለል ላይ ነው የሚጥለው፣ ወደ ውሃ አይደለም። እኔ ማዳበሪያ ጆንያ አለኝ፣ እሱ ውስጥ እከትተዋለሁ። ጆንያውንም ሳይው፤ ነጂው ለነጎድጓድ ሲያቀብለው። ቅዳሜ ከሰዓት ወደብ ላይ ነኝ፣ መጥተሽ ሞተሩን ራሱን ማየት ትችያለሽ። ልጆቹንም ይዘሻቸው ነይ።